ጠርሙሱ ላይ ያለው ቅጠል ራሳችን ላይ ይደርሳል?

እስቲ በሞቴ እውነቱን እናውራ! ኮስሞቲክስ ቤት ገብታችሁ ሻምፖ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ዋጋውን እንዳትሉኝ፤ ዋጋውን የምትጠይቁት ልባችሁ ከወደደው በኋላ ነው። የምታዩት ሥዕሉን ነው። ለሁለት የተከፈለ አረንጓዴ አፕል፣ ጠብ ሊል የደረሰ ማር፣ የኮኮናት ስባሪ፣ ጤዛ ያረፈበት የእሬት ቅጠል… ከዚያ ክዳኑን ከፈት አድርጋችሁ አሽተት ታደርጉታላችሁ። ያኔ ባለሱቁ ነገሩ እንዳለቀለት ያውቃል። “ናቹራል ነው እኮ፤ ኬሚካል የሚባል የለውም” ይላችኋል። እናንተም ታምኑታላችሁ። ለምን አታምኑት? ቅጠሉ እዚያው ፊታችሁ ተሥሎ የለ!

እኔም ይህን “ናቹራል” የሚሉትን ነገር ተከትዬ ሰሞኑን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ለምን ሸዋ ሮቢት? ለሚለኝ ሰው መልሴ ሙቀቱ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ይህችን ከተማ ያለፈባት ሁሉ ያውቃታል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ውስጥ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ታወልቃላችሁ። አርማኒያን ስታልፉ “መስኮት ክፈቱልን!” የሚል ጩኸት አውቶቡሱን ይሞላዋል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችኋል ማለት ነው። ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ሽንኩርቱና ማሾው፣ ማንጎውና ማሽላው የሚስማማው ቆላ ነውና ላብና አቧራ አብረው የሚኖሩበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሻምፖ ጌጥ ሊሆን ይችላል። እዚያ ግን፣ በተለይ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር፣ ራስ መታጠብ የሳምንቱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

እናም ሰዉን ጠየቅሁ። ስማቸውን ላልጠቅስ ቃል ስለገባሁ አንባቢዎቼ “እነማን ናቸው?” ብላችሁ አታስጨንቁኝ።

“አራት ዓይነት ቀያየርኩ”

የመጀመሪያዋ ባለታሪክ በዋናው መንገድ ዳር ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። ዕድሜዋ 23 ነው። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚያልፉ መኪኖች ለምሳ ሲቆሙ ቤቱ ቀውጢ ይሆናል። እሷን ግን ከሥራው ብዛት ይልቅ የሚያስጨንቃት የዩኒፎርሟ ቀለም ነው፤ ጥቁር ነው። ከራሷ የሚረግፈው ነጭ ነገር ትከሻዋ ላይ እንደ ዱቄት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን አሠሪዋ እንግዶች በተቀመጡበት “አንቺ ልጅ፣ ራስሽን አትታጠቢም እንዴ?” ብለዋታል። እሷ እኮ በሳምንት ሦስቴ ነው የምትታጠበው! ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሳህን ስታቀርብ ጎንበስ ማለት ትፈራለች።

“መጀመሪያ የአፕሉን ገዛሁ። ከዚያ የማሩን። ከዚያ የእሬቱን። መጨረሻ ላይ ሰባት ዓይነት ቅጠል የተሣለበትን” አለችኝ በጣቷ እየቆጠረች። ሁሉንም የገዛችው ከቲፕ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። “ሽታቸውስ ልብ ያጠፋል! ደንበኞች ሳይቀሩ ምን ተቀብተሽ ነው ይሉኛል። ማሳከኩ ግን ያው ነው።”

እኔ ደግሞ ነገረኛ ነኝና ቅዳሜ ማታ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት። ሳቀች። ቅዳሜ ማታ ለጋ ቅቤ ትቀባለች፤ እናቷ የሚልኩላት ነው። “ደርቆብኝ ነው የሚረግፈው፤ ቅቤ ሲጠግብ ይተወኛል” ብላ ታምናለች። እሑድ ጠዋት ቅቤውን ለማስለቀቅ በሻምፖው ትታጠባለች። ሰኞ ያሳክካታል። ማክሰኞ ትከሻዋ ላይ ይረግፋል። ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ቅቤ…

እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ፎረፎር የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የድርቀት ጣጣ አይደለም። በሁላችንም የራስ ቆዳ ላይ በዓይን የማይታይ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ኑሮው ከቆዳ በሚወጣው ቅባት ላይ ነው። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ይህን እንግዳ ችሎ ያድራል፤ የአንዳንዱ ግን ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ከልኩ በላይ እየተፋጠነ ይረግፋል። ታዲያ ቅባት ለሚበላ ፈንገስ በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ ማቅረብ ምን ማለት ነው? ልጅቷ ቅቤውን የምትቀባው ለራሷ መስሏት ነው፤ ድግሱን የሚበላው ሌላ ነው።

እንዳትቆጡኝ፣ ቅቤን የማጣጣል ሐሳብ የለኝም። ለከርዳዳና ለደረቅ ፀጉር ቅባት ያስፈልገዋል። ፀጉሩ እንዳይሰባበር ያለሰልሰዋል። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አልቀቡትም። ነገር ግን የፀጉሩ ዘለላና የራሱ ቆዳ ለየቅል ናቸው። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤም ሆነ የኮኮናት ዘይት ቆዳው ላይ ባያሽ ይመረጣል፤ እስኪሻለው ድረስ ጭራሽ ቢተወው ደግሞ የተሻለ ነው።

የልጅቷን አራት ጠርሙሶች በማግስቱ አምጥታልኝ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ፈንገሱን የሚነካ ነገር አንዱም ውስጥ የለም። መታጠብ ቅባቱንና የረገፈውን ቆዳ ለጊዜው ያነሳል፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ተመልሶ የሚመጣውም ለዚህ ነው። የሚበጃት ሻምፖ ሥዕል የሌለበት፣ ሽታውም እንደ አፕል የማያጓጓ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ነው። እሱም ቢሆን ቶሎ ተቀብቶ ቶሎ የሚታጠብ አይደለም። ራስ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታጠቡበታል። ከዚያ እንዳያገረሽ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። በዚህም ካልለቀቀ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

የባጃጁ ልጅና አረፋው

ሁለተኛው ባለጎፈሬ የባጃጅ ሾፌር ነው። “ሻምፖ የሴት ነው” ይላል። ራሱን የሚታጠበው በምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳያፍር “በላርጎ!” አለኝ። ባጃጇንም ራሱንም የሚያጥበው በዚያው ነው። “አረፋው ብታዪው! የናንተ ሻምፖ እኮ ሁለት ጠብታ ላይ ኩም ነው የሚለው።”

የአረፋ ነገር ብዙዎቻችንን ያታልላል። ራስ ቅባትና አቧራ ሲበዛበት የመጀመሪያው ሻምፖ አረፋ አያወጣም፤ ቆሻሻው ስለሚይዘው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው “ፎርጅድ ነው” ብሎ ግማሹን ጠርሙስ ይደፋበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥቂት አድርጎ መታጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት ማድረግ። ሁለተኛው ላይ አረፋው ራሱ ይመጣል። ላርጎ የተሠራው የሳህን ስብ እንዲያነሳ ስለሆነ የፀጉሩንም የቆዳውንም ቅባት ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ልጁም ቢሆን ሲጠየቅ ፀጉሩ እንደ ቃጫ መሆኑን አልካደም። ደረቅ ሳሙናም የራሱ ጣጣ አለው። የጉድጓድ ውሃው ጠንከር ባለበት ሰፈር ሳሙናው ከውሃው ማዕድን ጋር ተጣብቆ ፀጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ሻምፖ እዚህ ላይ ይበልጠዋል፤ ጠንካራ ውሃ ላይም አይዘቅጥም። ብራቮ ብለነዋል።

ቆራሌው ምን ያደርግበታል?

ከይፋት ቆላ ወደ ሳዑዲ ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከሦስት ዓመት በፊት የተመለሰች አንዲት እህት ስትመጣ በሻንጣዋ ከልብስ ይልቅ ሻምፖ ይበዛ ነበር። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት… ጽሑፉ በዓረብኛ፣ ሥዕሉ በቀለም። ጎረቤት ሁሉ ተሻማው። እሷም “የዓረብ አገሩ ይለያል” በሚለው ወሬ ጥሩ ሸጠች።

የሚገርመኝ ግን እሷ ራሷ የነገረችኝ ነው። ባዶዎቹን ጠርሙሶች “ቆራሌው!” እያለ የሚዞረው ልጅ ሲገዛት የሚመርጠው ክዳናቸው ያልተሰበረና ወረቀታቸው ያልተቀደደውን ነበር። ለምን? እሱ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። በኋላ ከገበያ የገዛችው ያው ስም ያለበት ሻምፖ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ሽታውም አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ስትጥል ወረቀቱን በቢላ ትፍቀዋለች። ጥሩ ልማድ ነው፤ እናንተም ያዙት። ስትገዙም አፉ ላይ ያለው እሽግ እንዳልተነካ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ተፍቆ እንዳልታተመ እዩ።

እስቲ ጀርባውን አዙሩት

አሁን ወደዚያ ሥዕል ልመለስ። ቅጠሉን ጠርሙስ ላይ ማን አመጣው? ሻምፖ የሚለው ቃል ራሱ የሕንድ ነው፤ በሂንዲ ማሸት፣ ጫን ጫን ማድረግ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሳኬ ዲን ማሆመድ የተባለ ሕንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ በእንግሊዝ አገር ብራይተን ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያ ከፍቶ እንግሊዞቹን በሕንድ ቅጠል እያጠነ ያሻቸው ነበር። ያኔ ሻምፖ ማለት መታሸት ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ ከሳሙና ሳይሆን በፋብሪካ ከሚቀመም ማጽጃ የሚሠራው ሻምፖ አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው ድሪን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ቅጠሉ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ክሌሮል የሚባለው ኩባንያ ሄርባል ኤሴንስ የተባለ አረንጓዴ ሻምፖ አወጣ። ዘመኑ ወጣቱ ፀጉሩን አሳድጎ “ወደ ተፈጥሮ እንመለስ” የሚልበት ነበርና ሻምፖው እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ያልሣለ ማን አለ?

ጠርሙሱን አዙሩትና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እዩ። በአውሮፓም በአሜሪካም ሕግ ውስጡ ያለው ነገር የሚዘረዘረው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ “አኳ” ይላል፤ ውሃ ማለት ነው። አብዛኛው ጠርሙስ ውሃ ነው። ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ “ሶዲየም ላውሬዝ ሰልፌት” የሚል ይመጣል፤ የሚያጥበውና አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። የአፕሉም፣ የማሩም፣ የእሬቱም ሻምፖ ላይ ያው እሱ ነው! ከዚያ “ሶዲየም ክሎራይድ” ታገኛላችሁ፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ነው፣ ሻምፖውን ያወፍረዋል። “ፓርፊዩም” የሚለው ሽቶው ነው፤ የአፕሉ ሽታ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ቅጠሉስ? ቅጠሉን ለማግኘት “ፌኖክሲኢታኖል” የሚል ቃል ፈልጉ። እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ መብለጥ አይችልም። እሬቱ ወይም አፕሉ ከዚህ ቃል በኋላ ከተጻፈ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም ማለት ነው። ከልጅቷ አራት ጠርሙሶች ሦስቱ ላይ ያገኘሁት እንዲህ ሆኖ ነው። ሰባት ቅጠል የተሣለበት ሰባቱንም ከመጨረሻው መስመር ላይ ደርድሯቸዋል፤ አንዳንድ ጠብታ ሳይሆኑ አይቀሩም።

“ታዲያ ተጭበርብረናል?” ትሉኝ ይሆናል። እንደዚያ ብዬ አልከስም። ውስጡ አፕል አለ ብለዋል፤ አለ። ምን ያህል እንደሆነ አልነገሯችሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም። በአሜሪካ እንኳ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ “ናቹራል” ለሚለው ቃል በመዋቢያ ላይ ፍቺ አላወጣለትም፤ ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። ሻምፖው የሚያጥብ ከሆነ፣ ሽታውም ደስ ካላችሁ ግዙት፣ ታጠቡበት፣ ይመቻችሁ። ጥል የሚመጣው ያ ሥዕል መድኃኒት ሲመስለን ነው።

“ናቹራል” ደግሞ ምንም አይጎዳም የሚል እምነት አለ። ከሸዋ ሮቢት ፀሐይ ጋር ይህ እምነት አደጋ አለው። ለፎረፎር ብሎ የሎሚ ጭማቂ ራሱን አሽቶ የወጣ ሰው አጋጥሞኛል፤ ግንባሩና ጆሮ ግንዱ ላይ በእሳት የተገረፈ ይመስል ነበር። የእኛ ሎሚ ውስጥ ያለ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሃ ያቋጥራል፣ ጠባሳው ወራት ይቆያል። ሂናም እንዲሁ ነው። እውነተኛው ሂና የሚያወጣው ቀይ ወይም ብርቱካን መሰል ቀለም ነው፣ ሰዓታትም ይፈልጋል። በደቂቃዎች ጥቁር የሚያደርገው “ጥቁር ሂና” ግን ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ስለሚገባበት ቆዳ ያቆስላል። ለሠርግ የምትዘጋጁ የይፋት ሙሽሮች እባካችሁ ይህቺን ልብ በሉ!

ሦስት ወር በከንቱ

ከሰማሁት ሁሉ ያልወጣልኝ የአንዲት እናት ታሪክ ነው። መንገድ ዳር ማንጎ ትሸጣለች። የሰባት ዓመት ልጇ ራስ ላይ ክብ ሆኖ ፀጉሩ የረገፈበት ቦታ ታየ፤ ነጭ ቅርፊት አለው፣ ያሳክከዋል። ሱቅ ሄዳ ነገረቻቸው። “ይሄ የሻይ ዛፍ ዘይት ያለበት ሻምፖ ነው፤ ራስ የሚያጸዳ ናቹራል ነው” ብለው ሰጧት። ለእሷ የሦስት ቀን ገበያዋ ነው። አጠበችው። አሁንም አጠበችው። ሲያልቅ ሌላ ገዛች። ክቡ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ከዚያ የአራት ዓመቷ እህቱም ጀመራት፤ አንድ ማበጠሪያ ነበር የሚጋሩት። ትምህርት ቤት ልጆቹ አጠገቡ መቀመጥ ስላስጠላቸው ልጁ አልሄድም ማለት ጀመረ። ሦስት ወር አለፈ።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ የነገሯት በአንድ ቃል ነው፤ ቆረቆር! ቆረቆርም ፈንገስ ነው፤ ከፎረፎሩ ግን ይለያል። ወደ ፀጉሩ ውስጥና ወደ ሥሩ ስለሚገባ ከላይ የሚፈስ ነገር አይደርስበትም። የቅጠሉ ሻምፖ ይቅርና የመድኃኒት ቤቱ ሻምፖ እንኳ ብቻውን አያድነውም፤ ወደ ሌላ ልጅ እንዳይተላለፍ ያግዛል እንጂ። የሚያድነው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ እሱም ሐኪም ያዘዘውን ያህል ለሳምንታት ሳይቋረጥ። ለእነሱ የታዘዘላቸው ግሪሲዮፉልቪን ነበር። ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። እናትየው ይህን ስትሰማ “ቅቤው ለካ በሆዱ ኖሯል የሚፈለገው” ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

ሁለቱም ልጆች ድነዋል። ልጁ ራስ ላይ ግን የሳንቲም ያህል ቦታ ፀጉር አልበቀለበትም። ቆረቆር ቆይቶ ካቆሰለ የፀጉሩን ሥር ይዞት ይሄዳል፤ ጠባሳው ላይ ዳግም አይበቅልም። እናትየው ኮፍያ ገዝታለታለች። የሻምፖዎቹን ጠርሙሶች አልጣለቻቸውም፤ ውሃ ትቀዳባቸዋለች።

ስለዚህ ወላጆች፣ የልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ ፀጉር ከረገፈ ሱቅ አትሂዱ፤ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ማበጠሪያና ኮፍያ አያጋሩ። ፀጉር ቤት ስትወስዷቸውም ቶንዶሱ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ሲዞር በአልኮል መጠረጉን ቆማችሁ እዩ። አስተካካዩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ!

ቁርቁራ የገጠር ነው?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ሲኬድ ሰንበቴ አለች። ስሟን ያገኘችው እሑድ እሑድ ከሚቆመው ገበያዋ ነው ይባላል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነው። እዚያ አንዲት እናት አገኘሁ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ በሳቅ ያልፋሉ፤ ፀጉራቸው ግን ከነጠላቸው ስር ሲታይ ያስቀናል። “እማማ፣ በምን ነው የሚታጠቡት?” አልኳቸው። “በቁርቁራ” አሉኝ፣ ምን ያስጠይቃል በሚል ፊት።

ቁርቁራን የማያውቅ የቆላ ልጅ የለም፤ ሁላችሁም ፍሬውን ስትለቅሙ እሾሁ ወግቷችኋል። ቅጠሉን በጥላ ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ ይነፉታል፣ በውሃ ሲመቱት አረፋ ያወጣል። ምክንያቱም ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና የሚያጥብ ንጥረ ነገር አለው። የእንዶድም ምስጢር እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የጠቆመው ያ ግኝት የመጣው ከዚሁ ከአረፋው ነው። እንዶድ ግን ኃይለኛ ነው፤ ለነጠላ እንጂ ዓይን አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። ቁርቁራ ለዘብ ይላል።

አብራቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ወሬው አላማራትም። “እማማ ተይ እንጂ! የገጠር ነው ይሉናል” ብላ ክንዳቸውን ጎተተቻቸው። እሷ የምትጠቀመው የኮኮናት ሥዕል ያለበትን ነው። ኮኮናት በዓይኗ አይታ አታውቅም።

እኔ ግን አንድ ነገር ነገርኳት። የዚህኑ ዛፍ ቅጠል ሶማሌዎቹ ቀሲል ይሉታል። ሴቶቹ ፊታቸውንም ፀጉራቸውንም ይታጠቡበታል። ዛሬ ለንደን ውስጥ ያው ዱቄት በሚያምር ዕቃ ታሽጎ በፓውንድ ይሸጣል። ልጅቷ “ውሸት!” አለችኝ። ከዚያ ቆይታ “በስንት ፓውንድ?” ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህም ላይ ልንጋነን አይገባም። ቁርቁራ ያጥባል፤ ቆረቆር አያድንም። ፎረፎር ያቀልልኛል የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ተጠቅማችሁ እዩት፣ በሦስት በአራት ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ መድኃኒት ቤቱ ቦታው ላይ አለ። በደንብ ካልተነፋ ፍርፋሪው ፀጉር ውስጥ ይቀራል፤ ሹሩባ ለተሠራች ልጅማ መከራ ነው። በውሃ የተበጠበጠው ደግሞ በዚያ ሙቀት አያድርም፤ ይሸታል። የፋብሪካው ሻምፖ ዓመት የሚቆየው “ኬሚካል የለውም” የሚሉት ባለሱቆች በካዱት መከላከያ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ፈጣን፣ ተጫዋች ሴት ናት። ራሴን አጥባ ካስክ ውስጥ ስታስገባኝ ሽታው ለአፍንጫዬ እንግዳ ሆነብኝ፤ የሣር የሣር ይላል። ፀጉሬ ግን ለስልሷል። “ምንድን ነው የተጠቀምሽው?” አልኳት። “ከዱባይ የመጣ ነው” አለችኝ።

ደንበኞቹ ሄደው ሁለታችን ስንቀር ሳቋ አመለጣት። ጓዳ አስገብታ አሳየችኝ። ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ በፌስታል የታሰረ የቁርቁራ ዱቄት። ጠዋት ጠዋት ትበጠብጣለች፣ ማታ የተረፈውን ትደፋለች። መጀመሪያ እውነቱን ተናግራ ነበር። ደንበኞቿ “ለዚህ ነው እንዴ የምንከፍልሽ?” ብለው ዋጋ ቀንሺ አሏት። ዱባይ ካለች ወዲህ የተከራከራት የለም።

ያን አረንጓዴ ውሃ የምትሞላበትን ጠርሙስ አየሁት። አረንጓዴ አፕል ተሥሎበታል።